ፕላዝማቸውን በተፎካካሪዎቻቸው ያስለኩት የፊዚክስ ሊቅ

በሶቪየት ኅብረት የኑክሌር ውህደት ምርምርን ከሃያ ዓመታት በላይ የመሩት ሌቭ አንድሬዬቪች አርትሲሞቪች እ.ኤ.አ. በ1909 በሞስኮ ተወለዱ። በ1928 በሚንስክ ከሚገኘው የቤላሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በ1930 የሌኒንግራድ የፊዚክስና ቴክኒክ ኢንስቲትዩትን ተቀላቀሉ።

በኋላ ከተሰማሩባቸው ሥራዎች አንዱ የዩራኒየም አይሶቶፖችን በመግነጢሳዊ መስክ መለየት ነበር። በመስኩ የሚያልፍ የአዮን ጨረር ይጎብጣል፤ የቀለለው አዮን አብዝቶ፣ የከበደው አሳንሶ ይታጠፋል። ይኸው ሕግ ከጊዜ በኋላ በተገላቢጦሽ አገልግሏል። የአዮኑ ክብደትና ፍጥነት አስቀድሞ ከታወቀ፣ ከጋለ ፕላዝማ የሚወጣበት ቦታ በውስጡ ያለውን መስክ ያመለክታል። የብረት መለኪያ ቢገባ በሚቀልጥበት ሥፍራ፣ ጨረር መላክ ሁነኛ ዘዴ ነው።

አርትሲሞቪች በ1951 የውህደት ሙከራዎች ኃላፊ ሆኑ። በ1952 በከባድ ሃይድሮጂን ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ኒውትሮኖች ታዩ። ለበላይ አካል በደስታ ሊበሠር የሚችል ውጤት ነበር። ሆኖም ኒውትሮኖቹ ከፕላዝማው ሙቀት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል ከተስፈነጠሩ አዮኖች የመነጩ መሆናቸው በምርመራ ተደረሰበት። የችኮላ ሪፖርት ምን ያህል እንደሚያሳስት የታየበት አጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል።

በነሐሴ 1968 በኖቮሲቢርስክ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባዔ፣ ቶካማክ በተባለው የቀለበት ቅርጽ ባለው መሣሪያቸው ቲ-3 የፕላዝማው ሙቀት 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መድረሱን ይፋ አደረጉ። የምዕራብ ተመራማሪዎች ግን የሙቀቱ አለካክ ቀጥተኛ ባለመሆኑ ውጤቱን ተጠራጠሩ።

አርትሲሞቪች በክርክር አልተወሰኑም። የብሪታኒያው ካልሃም ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች የራሳቸውን የሌዘር መሣሪያ ይዘው ሞስኮ እንዲመጡና ራሳቸው እንዲለኩ ጋበዙ። ጉባዔው በተካሄደበት በዚያው ወር የዋርሶ ስምምነት ጦር ቼኮዝሎቫኪያን መውረሩ ይታወሳል። ሚስጥር በሚጠበቅበት ተቋም የባላንጣ አገር ባለሙያዎችን ማስገባት በዚያ ወቅት ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ልኬቱ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ኃፍረቱ በዓለም ፊት ይሆን ነበር።

ባለሙያዎቹ በ1969 የላኩት የሌዘር ብርሃን ከፕላዝማው ኤሌክትሮኖች ተበትኖ ሲመለስ የሶቪየቱን ውጤት አረጋገጠ። በአሜሪካ የፕሪንስተን ቤተ ሙከራ በ1970 ነባሩን መሣሪያ ወደ ቶካማክ ለወጠ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

አርትሲሞቪች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1973 በ64 ዓመታቸው አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞስኮ ውስጥ ሥራ በጀመረው ቲ-10 ቶካማክ፣ የፕላዝማውን ውስጣዊ ሁኔታ ለማጥናት የታሊየም አዮን ጨረር አገልግሏል።