አብርሃም ዘጎጃም፥ በግብፅ አቡ ሩሚ የተባለው

አንባቢ ሆይ፥ በባሕር ዳር ከተማ በጣና ዳርቻ ቆመህ ብትመለከት የክብራን ደሴት በቅርብ ይታይሃል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በገብርኤል ስም የታነጸ ነው። ይህን ስም ከሕፃንነትህ ጀምሮ ስትጠራው ኖረሃል፤ ትርጉሙን ግን ጠይቀህ ታውቃለህን? የእኛ ጆሮ «ገብር» የሚለውን ሲሰማ አገልጋይ ማለት ይመስለዋል፤ ዕብራውያን ግን «ጌቤር» ሲሉ ብርቱ ሰው ማለታቸው ነውና፥ ገብርኤል የእግዚአብሔር ኃያል ማለት ይሆናል። ወንዱን ልጅ በአርባ ቀን፥ ሴቲቱን በሰማንያ ቀን ወደ ጥምቀት ወስደን የቅዱሳንን ስም እናወጣላቸዋለን፤ ከዚያም በኋላ ስሙን እንጠራዋለን እንጂ አንመረምረውም። ስለዚህ እንደ ስሙ የኖረ የአንድ ጎጃሜ ሕይወት ልተርክልህ ወደድሁ።

ይህ ሰው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1750 ዓመት ገደማ በጎጃም ተወለደ፤ ስሙም አብራም፥ ይኸውም አብርሃም ነበረ። ኦሪት ዘፍጥረት በ17ኛው ምዕራፍ እንደሚያስተምረን እነዚህ ሁለቱ የአንድ አባት ስሞች ናቸው። አብራም ማለት ከፍ ያለ አባት ማለት ነው፤ «አብ» የሚለውን አንተም በጸሎትህ ሁልጊዜ ትለዋለህ፥ «ራም» የሚለውም የላይኛውን ሰማይ ራማ ብለን ከምንጠራበት ቃል ጋር ዘመድ ነው። እግዚአብሔር ግን ይህን ስም ለውጦ አብርሃም አለው፥ የብዙ አሕዛብ አባት ሊያደርገው ወድዷልና። በግዕዝ «አብርሀ» ማለት አበራ ማለት ስለ ሆነ ከእኛ ወገን ስሙን ከብርሃን የሚያወጡት አሉ፤ ነገር ግን ይህ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። በሌላ ስፍራ ግን ጆሮአችን አይስትም። ይስሐቅ ሣቀ ከምንለው፥ እስማኤልም ሰማ ከምንለው ጋር አንድ ሥር አላቸው፤ ዕብራይስጥና ግዕዝ እኅትማማች ቋንቋዎች ናቸውና። ስሞቹ የራቁብን የግዕዙ መጽሐፍ የተተረጐመው ከግሪክ ስለ ሆነ ነው። የጌታችን ስም ኢየሱስና የነዌ ልጅ ስም ኢያሱ በዕብራይስጥ አንድ ናቸው፥ ሁለቱም እግዚአብሔር ያድናል ማለት ነው ብልህ ምናልባት ትደነቅ ይሆናል።

አብርሃም ወጣት ሳለ በ1770 ዓመት ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ሊፈልግ ወደ ጎንደር መጣ፤ ያ ዘመን የዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትና የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነበረ። የጎንደር ሰዎች ይህን እንግዳ ያዕቆብ ብለው ጠሩት፤ አልተሳሳቱምም፥ እንግሊዞች ጄምስ የሚሉት ስም ያው ያዕቆብ ነውና፥ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር መልኩ ተለወጠ እንጂ። አብርሃምም ይህን ያዕቆብ ያውቀው ነበር፤ አስተርጓሚው ሆኖ እንዳገለገለ ይነገራል።

በ28 ዓመቱ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ካይሮና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ ተመልሶም እንደ ገና ወጣ። ሶርያን፥ አርመንን፥ ፋርስን አልፎ እስከ ህንድ ደረሰ። የዘመናችን ሰው እንዲህ ያለውን መንከራተት ሥራ ፈትነት ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም፥ የስሙ ባለቤት አብርሃምም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ከአገሩና ከዘመዶቹ ተለይቶ ወጥቶ ነበርና። በካልካታ ዳኛው ሰር ዊልያም ጆንስ ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ጠየቀው፤ ቃሉንም ጽፎ በ1788 ዓመት አሳተመው። ሊቃውንት ይህ አብራም የእኛው ሰው ነው ይላሉ። ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን በተናገረ ጊዜ ብዙዎች ሐሰተኛ ብለውት ነበረ፤ ከዚያ ሩቅ አገር ያዕቆብን አውቀዋለሁ ብሎ የመሰከረለት ይህ ድኻ መንገደኛ ነው።

ዕድሜው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ ወደ ካይሮ ተመልሶ በጽኑ ታመመ። የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አሰሊን ደ ሼርቪል አስታመመው፥ ዐዋቂነቱንም አየ። በዚያ የታወቀበት ስም አቡ ሩሚ ነው፤ በዐረብኛ ቢፈታ የሮማዊ አባት ያሰኛልና ከአብርሃም ስም «አባት» የሚለው ብቻ ቀረለት። በዚያን ጊዜ ግዕዝ ያልተማረ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በአማርኛ ሊያነብ አይችልም ነበር። ሁለቱ ይህን ሥራ ጀመሩ። አሰሊን ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር፤ የዐረብኛውን መጽሐፍ ቁጥር በቁጥር አብረው ያነቡ ነበር፥ ነገሩም ሲጠልቅባቸው ዕብራይስጡን፥ ሱርስቱን፥ የሰባውን ሊቃናት ትርጉም ይመለከቱ ነበር፤ አብርሃምም በአማርኛ ይጽፍ ነበር። እንዲህ ሲሠሩ 10 ዓመት አለፈ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሽማግሌ እስቲ በልብህ አስበው። ገና በሥራው መጀመሪያ፥ በኦሪት ዘፍጥረት፥ የራሱ ስም የተሰጠበት ምዕራፍ ደረሰ፤ ከአገርህ ውጣ የሚለውንም ትእዛዝ ከአገሩ የወጣ ሰው በእናቱ ቋንቋ ጻፈው። ሚስትና ልጅ፥ ርስትና ጉልት የሚያወራለት የለም፤ በእጁ የቀረው 9,539 ገጽ ነው። አንተ ለአንድ ደብዳቤ ብትደክም ዋጋህን ወዲያው ትሻለህ፥ እኔም እንዲሁ ነኝ።

ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ ተሳልሞ ወደ ካይሮ ተመለሰ፤ በ1819 ዓመት ገደማ በዚያ ቸነፈር ገደለው። ዊልያም ጆወት መጽሐፉን በ1820 ዓመት ለእንግሊዝና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ የጻፈው እጅ ግን ከመቃብር ነበረ። ቶማስ ፔል ፕላት እያረመ አራቱ ወንጌላት በ1824፥ አዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ በ1840 ዓመት ታተመ።

በ1830 ዓመት ሳሙኤል ጎባት የሚባል መልእክተኛ ከታተሙት ወንጌላት ይዞ ጎንደር ገባ፤ ሐና ልጅዋን ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁ ብላ ያወጣችለትን ስም የያዘ ሰው ነው። አብርሃም በ28 ዓመቱ የወጣባት ከተማ ያች ነበረች።