ይድነቃቸው ተሰማ፤ ጎል አግቢውና በር ከፋቹ

በየትምህርት ቤቱ በዕረፍት ሰዓት ዘወትር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ከኳስ ተጫዋቾች ሁሉ ብዙ ጎል ያገባ ማን ነው የሚል ነው። በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋ፥ በሞያሌ አቧራማ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ የአውሮፓን ተጫዋቾች ስምና የጎላቸውን ቁጥር ሳይሳሳት ይዘረዝራል። ስለ ሀገሩ ሰው ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ የእኒህን ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቁጥር ጥቂት ልናገር። በአሜሪካ ሀገር ቤዝቦል የሚባል በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ አለ። የተመታው ኳስ የሜዳውን አጥር ተሻግሮ ሲወድቅ ሆም ራን ይባላል። የዚያ ሀገር ሰዎችም እኛ ጎል እንደምንቆጥር እነርሱ ሆም ራን ይቆጥራሉ። ቤብ ሩት የሚባለው ዝነኛ ተጫዋች 714 ሆም ራን መትቶ በ1935 እ.ኤ.አ. ጨዋታውን አቆመ። ይህን ቁጥር በ1974 እ.ኤ.አ. ያለፈው ጥቁሩ ሃንክ አሮን ሲሆን፥ 755 አድርሶ በ1976 እ.ኤ.አ. ጨረሰ። ከእርሱም በኋላ ባሪ ቦንድስ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ተጫውቶ 762 አደረሰ። ሃንክ አሮን ወደ ቤብ ሩት ቁጥር በተጠጋ ጊዜ፥ ጥቁር በመሆኑ ብቻ የስድብና የዛቻ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ጆሽ ጊብሰን ደግሞ በመቺነቱ እጅግ የታወቀ ሆኖ ሳለ፥ ቆዳው ጥቁር ስለ ሆነ በነጮቹ ሊግ ሳይጫወት በ1947 እ.ኤ.አ. በ35 ዓመቱ ሞተ። የጥቁሮቹ ሊግ ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር የተቀላቀለው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቁጥር ብቻውን ሙሉ ታሪክ አለመሆኑን ነው። ስንት አገባ ከማለት አስቀድሞ፥ እንዲጫወት የተፈቀደለት ማን ነው፥ የተጻፈለትስ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አቶ ይድነቃቸው በወጣትነታቸው ለመጀመሪያው ጥያቄ፥ ማለት ለስንት አገባ፥ በእግራቸው መልስ ሰጡ። በጎልማሳነታቸውና በሽምግልናቸው ደግሞ ለሌላው ጥያቄ በጉባኤ አዳራሽ ሲታገሉ ኖሩ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው በመላ ሀገሪቱ የታወቁ፥ ወደ ጀርመን ሀገርም ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ልጁ የተወለዱት ስም ካለው ቤት ነው። ሆኖም የአባታቸውን ስም ተደግፈው አልተቀመጡም፤ አባት በቃል የተጠሩበትን ክብር ልጅ በኳስ አገኙት።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይገኙበታል። ወጣቱ ይድነቃቸውም ገና በ14 ዓመታቸው ቡድኑን ተቀላቀሉ። ያ ወቅት ግን የጨዋታ ወቅት አልነበረም። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በሰሜንና በደቡብ ሀገራችንን በመውረር ላይ ነበር። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ግራዚያኒ ሠራዊት ከዶሎ ተነሥቶ የልዑል ራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በገናሌ ዶርያ ወግቶ፥ ይህችን የእኛን ከተማ ነገሌን ያዘ። አዲስ አበባ ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በጠላት እጅ ወደቀች። በአዲስ አበባ አንድ ቡድን በተወለደበት ክረምት ባልገባ በዚያው ዓመት፥ የእኛ ቆላ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በወረራው ዘመን ጠላት በከተማው ኗሪዎች መካከል የዘር አጥር አቆመ። ነጭና ጥቁር በመኖሪያ፥ በመጓጓዣና በጨዋታ ሜዳ እንዲለያይ ተደረገ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም የገዛ ስሙን ተነጥቆ ሊቶርዮ ውቤ ሠፈር ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ። አንድ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፥ ማለት በእኛ ዕድሜ ያለ ተማሪ፥ በገዛ ሀገሩ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ሲከለከል ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። አቶ ይድነቃቸው በኋላ ዘመን የዘር መድልዎን አጥብቀው የተቃወሙበትን ምክንያት የሚፈልግ ሁሉ፥ እነዚህን አምስት ዓመታት መመልከት ይበቃዋል።

ከነጻነት በኋላ ኳስ እንደገና ሕይወት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በሚከተለውም ዓመት በአዲስ አበባ የሚገኙ አምስት ቡድኖች ውድድር አደረጉ። እነርሱም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ቢሆንም፥ ትናንት በዘር ተለያይተው የነበሩ ሰዎች ዛሬ በአንድ ሕግና በአንድ ዳኛ ፊት መገናኘታቸው ከዋንጫው ይበልጥ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። ሌላ ቡድን አልለወጡም። በዚያም ጊዜ ውስጥ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይቆጠርላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የጎሉን ቁጥር ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ቢያካፍለው፥ በየስምንቱ ጨዋታ ወደ ሰባት ጎል የሚጠጋ ሆኖ ያገኘዋል። የጨዋታው ብዛት ደግሞ በአጋጣሚ ከአንድ ዓመት ቀኖች ጋር እኩል ነው። በየቀኑ አንድ ጨዋታ አድርገው በአንዱ ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ ቢያገቡ ኖሮ፥ ከዓመቱ ውስጥ ያለ ጎል የሚያልፉት ቀኖች 47 ብቻ በሆኑ ነበር። እርግጥ ነው፥ የዚያን ጊዜውን ኳስ ከዛሬው ጋር ማመዛዘን አይቻልም። ሜዳው፥ ጫማው፥ የተከላካዩም ልምምድ ሌላ ነበር። ቢሆንም በየትኛውም ዘመን 23 ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ወደ ጎል መሮጥ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ብዙ ተጫዋቾች ታሪካቸው በዚህ ያበቃል። የአቶ ይድነቃቸው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጣል።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የግብፅ፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ውድድር እንዲደረግ ሲዘጋጅ፥ ደቡብ አፍሪቃ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች። የቀሩት ሦስቱ ሀገሮች ይህን አንቀበልም ብለው ደቡብ አፍሪቃን ከውድድሩ አስወጡ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ያን ጊዜ ከሰሐራ በታች ያሉት አብዛኞቹ የአፍሪቃ ሀገሮች ገና በቅኝ ግዛት ነበሩ። ሦስት ሀገሮች ብቻ ቆመው የዘር አጥርን በሜዳችን አናስገባም ማለታቸው ትልቅ ድፍረት ነበር። በኳሱ በኩል ግን ኢትዮጵያ አልቀናትም፤ በመጨረሻው ጨዋታ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1959 እ.ኤ.አ. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ውድድርም እንደገና በዚያው ቁጥር ተረታች።

ሦስተኛው ውድድር በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። በዚህ ጊዜ አቶ ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሰች፤ የገጠማትም ሁለት ጊዜ ያሸነፋት ያው የግብፅ ቡድን ነበር። በተወሰነው ሰዓት ሁለቱም ሁለት ሁለት ጎል አግብተው እኩል ወጡ። በተጨመረው ሰዓት ግን ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አስቆጥረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 ረታች። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። እስከ ዛሬ ድረስ ሀገራችን ይህን ዋንጫ የወሰደችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪቃ ዋንጫ ውድድሮች በጠቅላላው 10 ጎል አግብቷል። አሮጌው ጎል አግቢ ዱላውን ለአዲሱ ጎል አግቢ እንዳቀበሉት ያህል ነው።

ከዚያ ወዲያ የአቶ ይድነቃቸው ሥራ በስብሰባ አዳራሽ ሆነ። በ1966 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ፥ ፊፋ ለአፍሪቃ፥ ለእስያና ለኦሺንያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ መደበ። አፍሪቃውያኑ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው ብለው ተቃወሙ፤ አቶ ይድነቃቸውም ከተቃውሞው መሪዎች አንዱ ነበሩ። አሥራ አምስት የአፍሪቃ ሀገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ከዚህም የተነሣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአፍሪቃ የራስዋ ቦታ ተሰጣት፤ በዚያ ዓመት ሞሮኮ ሄደች። በ1982 እ.ኤ.አ. ቦታው ሁለት ሆነ፤ ለ2026 እ.ኤ.አ. ውድድር ደግሞ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ተመድቦላታል። ዛሬ የሞሮኮን ወይም የሴኔጋልን ቡድን በቴሌቪዥን እያየን ስናጨበጭብ፥ ያንን በር ካንኳኩት ሰዎች አንዱ የእኛው ሰው መሆናቸውን ማስታወስ ይገባናል።

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን 15 ዓመት አገለገሉ። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የዓለም አቀፍ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የደቡብ አፍሪቃን ነገር አልተዉም። ፊፋ ደቡብ አፍሪቃን በ1961 እ.ኤ.አ. አግዶ በ1963 እንደገና ቢመልሳትም፥ አፍሪቃውያን በብርቱ ስለ ተቃወሙ በ1964 ዳግመኛ ታገደች፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ጨርሳ ተባረረች። ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም የሚሉ ሰዎች በዚያን ጊዜ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ልጅ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሜዳ ሲወጣ ፖለቲካውን ወደ ስፖርት ያስገባው አስወጪው ነው እንጂ ፍርድ የጠየቀው አይደለም።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። የታገሉለትን ነገር ፍጻሜ አላዩም። ደቡብ አፍሪቃ ወደ ዓለም እግር ኳስ የተመለሰችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የአፍሪቃን ዋንጫ አዘጋጅታ፥ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችዋ አንድ መለያ ለብሰው ዋንጫውን አነሡ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የተከለከለችው የተለያየው ቡድን ነበር፤ ከ39 ዓመት በኋላ ያሸነፈችው የተቀላቀለው ቡድን ነው። ይህ ለአቶ ይድነቃቸው 319ኛ ጎል ቢባል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይህ ታሪክ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቀን ለምንኖር ለእኛ ለቆላው ልጆች ምን ይጠቅመናል የሚል ይኖር ይሆናል። እንደ እኔ አሳብ ሁለት ነገር ይጠቅመናል። አንደኛው መጻፍ ነው። ነገሌ ከያቤሎ፥ ፊልቱ ከዶሎ ሲጋጠሙ የሚገባው ጎል በማግሥቱ ይረሳል፤ የአግቢውም ስም ከሠፈሩ አያልፍም። በየትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ተመድቦ ቀኑ፥ ውጤቱና የአግቢው ስም ቢጻፍ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች የሚከራከሩበት የራሳቸው ቁጥር ይኖራቸዋል። ሁለተኛው ዙሪያችንን መመልከት ነው። ቡድን ስንመርጥ በሜዳው ዳር ቆማ የምታይ እኅታችን፥ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ የአርብቶ አደር ልጅ፥ ጫማ የሌለው ጓደኛችን ብዙ ጊዜ ሳይጠሩ ይቀራሉ። ማንም አጥር ሳያቆም በልማድ ብቻ የሚቆም አጥር አለ።

አቶ ይድነቃቸው ጎል የማግባትን ተሰጥኦ ይዘው ተነሡ፤ ያን ተሰጥኦ ለራሳቸው ስም ብቻ ቢያውሉት ኖሮ ዛሬ 318 የሚል ቁጥር ብቻ በቀረልን ነበር። እርሳቸው ግን ሜዳውን ሰፋ አድርገው ለሌላው ተዉለት። በዕረፍት ሰዓት ክርክሩ ዳግመኛ ሲነሣ፥ ስማቸው ከቁጥራቸው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሥራቸውም ጋር ይጠራ ዘንድ ምኞቴ ነው።