ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢና የመካኒሳ ሳተላይት ከተማ

የከተማ ፕላን አውጪ የሥራው ውጤት እንደ ግንበኛ ሥራ በዕለቱ የሚታይ አይደለም። በወረቀት ላይ ያሰመረው መስመር እርሱ ካለፈ በኋላ መንገድ፣ የወንዝ ዳር መናፈሻ ወይም የይዞታ ወሰን ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ሳይገኝ ይቀራል። እነዚህ ሁለት ዕድሎች በአንድነት ከደረሷቸው የሙያው ታላላቅ ሰዎች መካከል አንዱ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ናቸው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ታሪክ በተነሣ ቁጥር ስማቸው ይጠራል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። ይህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ታሪክ፣ በተለይም ስለ መኖሪያ ሰፈር አወጣጥ የተዉትን መለኪያ፣ ለሙያ ባልደረቦች ባጭሩ ያቀርባል። ከዚያም እርሳቸው ለሳተላይት ከተማነት ካጯቸው ሥፍራዎች አንዷ በሆነችው በመካኒሳ ከመለኪያው ምን እንደ ቀረ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ያላቸው ዘመናት የአውሮፓውያን፣ ዓ.ም. የተባሉት የእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዳቸውና ትምህርታቸው

ሌስሊ ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1879 በማንቸስተር አጠገብ በምትገኘው በአሽተን አፖን መርዚ ተወለዱ። ዘጠኝ ልጆች ካፈራው ቤተሰብ አንዱ ሲሆኑ፣ ታናሽ ወንድማቸው ላስልስ በባለቅኔነቱ የታወቀ ሰው ሆኗል። ማንቸስተር በዚያን ጊዜ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1875 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ የመንገዱን ስፋት፣ የመስኮቱንና የፍሳሹን ነገር ደንግጎ ስለ ነበር፣ በሕጉ መሠረት የተሠሩት ቤቶች እያንዳንዳቸው ደንቡን ያሟሉ ነበሩ። ነገር ግን ቤቶቹ በረጅም ረድፍ ተደርድረው ሲታዩ ትምህርት ቤት የት እንደሚቆም፣ ሕፃናት የት እንደሚጫወቱ ያሰበ ሰው እንዳልነበረ ግልጽ ነበር። ቤቱን ብቻ የሚለካ ደንብ ጥሩ ሰፈር እንደማይወልድ ያ ከተማ ለማንም ያሳይ ነበር።

ወጣቱ አበርክሮምቢ በማንቸስተርና በሊቨርፑል በአርክቴክት ቢሮዎች ሙያውን ተለማምደው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ዊልያም ሌቨር በሰጡት ገንዘብ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የከተማ ዲዛይን ክፍል ተቋቋመ። ሌቨር ለሠራተኞቻቸው ፖርት ሰንላይት የተባለችውን መንደር አስቀድመው የሠሩ ሰው ነበሩ። አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1910 የተጀመረው የከተማ ፕላን መጽሔት አዘጋጅ ሆኑ፤ በ1915 የክፍሉን የፕሮፌሰርነት ወንበር ያዙ፤ በወንበሩም ሃያ ዓመት ቆዩ። ከዚያም ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛውረው እስከ 1946 አስተማሩ።

በዚህ ዘመን አሳባቸውን ከቀረጹት ሰዎች ዋነኛው ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ ነበሩ። ጌዲስ ከፕላን በፊት ጥናት ይቅደም ባይ ነበሩ፤ ይኸውም መሬቱ፣ ሥራው፣ ሕዝቡና ልማዱ ሳይታወቅ መስመር አይሰመር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የደብሊን ከተማ የፕላን ውድድር ሲወጣ ጌዲስ ከዳኞቹ አንዱ ነበሩ፤ አሸናፊዎቹም አበርክሮምቢና ሁለት ባልደረቦቻቸው ሆኑ። ጦርነትና ዓመፅ ስለ ተከተለ ፕላኑ የታተመው በ1922 ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን ጥቂቱ ብቻ ነበር። ሥልጣንና ገንዘብ ያልቆመለት ፕላን ምን እንደሚሆን አበርክሮምቢ ገና በጎልማሳነታቸው አዩ። እ.ኤ.አ. በ1937 የኢንዱስትሪንና የሕዝብን ሥርጭት እንዲያጠና በተቋቋመው የባርሎ ኮሚሽን አባል በሆኑ ጊዜም፣ የብዙኃኑ አሳብ ላላ ብሎ ስለ ታያቸው፣ ጠንካራ የፕላን ባለ ሥልጣን እንዲቋቋም የሚጠይቀውን የጥቂቶቹን አሳብ ደግፈው ፈረሙ።

ከለንደን ፍርስራሽ የወጣው መለኪያ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ የመልሶ ግንባታው ፕላን ጦርነቱ ሳያልቅ እንዲዘጋጅ ታዘዘ። አበርክሮምቢ ከከተማው አርክቴክት ከፎርሾ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የለንደን ካውንቲ ፕላን እ.ኤ.አ. በ1943 ወጣ። የታላቋ ለንደን ፕላን ደግሞ በ1944 ተዘጋጀ። የስማቸው ታላቅነት በእነዚህ ሁለት ሰነዶች ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የሰርነት ማዕረግ አገኙ፤ በ1948 የዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ኅብረት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

መሐንዲሱ በተለይ ሊመለከተው የሚገባው የ1943ቱ ፕላን ለመኖሪያ ሰፈር ያወጣውን መለኪያ ነው። መነሻው ቤቱ አልነበረም፤ ከ6,000 እስከ 10,000 ሰው የሚኖርበት የጉርብትና ክፍል ነበር። መጠኑ የተወሰነው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሕፃኑ ዋና መንገድ ሳያቋርጥ በእግሩ ከትምህርት ቤቱ ይደርሳል፤ ስለዚህም ትላልቆቹ መንገዶች ሰፈሩን ይከብቡታል እንጂ አይሰነጥቁትም። የነዋሪው ጥግግት በሦስት ቀበሌ ተከፈለ፤ ከመሐል ወደ ዳር በአንድ ኤከር 200፣ 136 እና 100 ሰው፣ ይህም በሄክታር 500፣ 340 እና 250 ያህል ማለት ነው። ለአንድ ሺህ ሰው አራት ኤከር፣ ወይም 1.6 ሄክታር ያህል ክፍት ሥፍራ ተመደበ። እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ነበሩ። ጥግግቱን የለወጠ ሰው ክፍት ሥፍራውንና ትምህርት ቤቱን አብሮ መለወጥ ነበረበት።

ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚደነቀው ግን ቁጥሮቹ የተገኙበት መንገድ ነው። የፕላኑ ባለሙያዎች አስቀድመው የነበሩትን የለንደን ሰፈሮች አጥንተው፣ ሕዝቡ ራሱ የእኔ የሚለው አካባቢ ከየት እስከ የት እንደሆነ በካርታ አስፍረዋል። አዲሱ ክፍል በተቻለ መጠን በነባሩ ማኅበራዊ ኑሮ ወሰን ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነበር የታሰበው።

የ1944ቱ ፕላን አሳቡን ወደ ክልል አሰፋው። ከተማዪቱን በአራት ቀለበት ከፍሎ፣ ሦስተኛውን አረንጓዴ ቀበቶ አድርጎ ከግንባታ ከለከለ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከተጨናነቀው መሐል ወጥቶ፣ ግማሹ ገደማ በነባር ከተሞች፣ ሌላውም በአዳዲስ ከተሞች እንዲሰፍር አሰበ። አዲሱ ከተማ የመኝታ ቤት ብቻ እንዳይሆን የራሱ ፋብሪካ፣ ገበያና ሆስፒታል እንዲኖረው፣ ቁጥሩም ከ60,000 እንዳያልፍ ተመከረ። እዚህ ላይ ከደብሊን የተለየ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1946 የአዲስ ከተሞች ሕግ፣ በ1947 ደግሞ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወጡ፤ መሬት የሚገዛና የሚገነባ የልማት ድርጅትም ለየከተማው ተቋቋመ። ስቲቨኔጅና ሀርሎው በዚህ መንገድ ከወረቀት ወደ መሬት ወረዱ።

ወደ አዲስ አበባ

አበርክሮምቢ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን እንዲያዘጋጁ የተጠሩት ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ሊሞላ በተቃረበበት ጊዜ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1956 ተከናወነ፤ ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቻቸውም አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1957 ሲያርፉ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር።

የጠበቃቸው ከተማ እንደ ለንደን በፋብሪካ የተጨናነቀ አልነበረም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በመኳንንቱ ሰፈሮች ዙሪያ ያደገች ናት። ጌታውና አሽከሩ፣ ሀብታሙና ድኻው በአንድ ሰፈር አብረው የሚኖሩባት፣ በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ባሕር ዛፍ ያለባት ነበረች። በወረራው ዘመን ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት ጣሊያናውያን ያወጡት ፕላን ይህን ኑሮ በቆዳ ቀለም ከፋፍሎ፣ ሐበሻውን በአንድ ወገን፣ ነጩን በሌላ ወገን ሊያሰፍር አስቦ ነበር። የመሬት አጠቃቀም ክፍፍል በክፉ እጅ ሲገባ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

የአበርክሮምቢ ፕላን ከዚያ የተለየ መንፈስ ነበረው። ከተማዪቱን በጉርብትና ክፍሎች አደራጀ፤ የትራፊኩን ጭነት የሚያቃልሉ የቀለበትና ከመሐል የሚወጡ መንገዶችን አሰመረ። መሐሉ ያለ ገደብ እንዳይዘረጋም መካኒሳን፣ ረጲን፣ ገፈርሳንና ኮተቤን ለሳተላይት ከተማነት ለየ። አሳቡ የታላቋ ለንደን ፕላን ታናሽ ወንድም መሆኑን ማንም ያስተውለዋል።

ነገር ግን ለንደን የነበራት ሁለት ነገር እዚህ አልነበረም። አንደኛው ሕግና የልማት ድርጅት፣ ሁለተኛው መሬት ነው። የከተማው መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ስለ ነበር፣ ለአረንጓዴ ቀበቶ ወይም ለትምህርት ቤት የሚሆነውን ቦታ ማዘጋጃ ቤቱ ገዝቶ ሊያቆይ አልቻለም። ቦልተን ሄነሲ እ.ኤ.አ. በ1959 ፕላኑን አሻሻሉት፤ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ሌላ አወጡ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። እያንዳንዱ ፕላን የፊተኛውን ጥቂት ክፍል ብቻ ወርሶ አለፈ።

መካኒሳ ከዚያ በኋላ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ አበርክሮምቢ ያጡት መሬት ተገኘ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው የመኖሪያ ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ታላቅ ለውጥ ቢሆንም፣ ደንቡ የለካው የቤተሰቡን ቦታ እንጂ ሰፈሩን አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. ከጣሊያን ባለሙያዎች ጋር የተዘጋጀው ማስተር ፕላን፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የቀለበት መንገድ፣ በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተራ በተራ መጡ። በመካኒሳ በኩል የሚያልፈው ቀለበት አበርክሮምቢ ያሰቡትን ዓይነት ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ የሚሠራ ነው። ከመካኒሳ ወዲያ ለቡና ጀሞ በቤት ተሞሉ፤ መካኒሳን ከመሐል ከተማው ሊለይ የነበረው ክፍት ምድርም ተያይዞ ተገነባ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአትክልት እርሻ ሲለማበት የኖረው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ያ ያልተጠበቀ ቀበቶ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያስታውስ ነው።

ስለዚህ ቀለበቱ ደረሰን፤ የጉርብትናው ክፍል ግን አልደረሰንም። ምክንያቱ የባለሙያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ፕላን የምናጸድቅበት መጠን ነው። እንበልና አንድ አልሚ 200 ቤቶች የሚይዝ መንደር ያቀርባል። ለአንድ ቤት አምስት ሰው ብንቆጥር ነዋሪው 1,000 ይሆናል። የሕንፃዎቹ ርቀት፣ የመንገዱ ስፋትና የፍሳሹ መስመር ደንቡን ካሟላ ይጸድቃል፤ 1,000 ሰው ለብቻው ትምህርት ቤት አያስቆምምና። በአጠገቡ ሌሎች ሰባት መንደሮች እንደዚሁ ይጸድቃሉ። ስምንቱ ተደምረው 8,000 ሰው፣ ማለትም አንድ ሙሉ የአበርክሮምቢ ክፍል ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤቱንና በለንደኑ ልክ 13 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን ክፍት ሥፍራ የሚከፍል ባለ ዕዳ የለም። በየመንደሩ ዙሪያ የሚቆመው አጥር ደግሞ የሕፃኑን መንገድ ያረዝመዋል። ይህ ከማንቸስተሩ የረድፍ ቤት የማይለይ ውጤት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሕጋዊ፣ ድምሩ ግን ጎደሎ።

ለሙያችን የሚቀረው

የአበርክሮምቢን ቁጥሮች እንዳሉ ወስደን በአዲስ አበባ ላይ ብንጭን ስሕተት ይሆናል። የቤተሰባችን መጠን ሌላ ነው። እናቶች በደጃፋቸው ጉሊት ዘርግተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩበትን ሰፈር መኖሪያና መሥሪያ ብሎ በመስመር መክፈል እንጀራቸውን መንካት ነው። የደቡብ አዲስ አበባ ጥቁር መረሬ አፈር በዝናብ እያበጠ፣ በበጋ እየተሰነጠቀ የመሠረቱንና የቧንቧውን ወጪ ስለሚያንረው፣ ጥግግቱም ከዚህ ወጪ ጋር ተገናዝቦ መወሰን ይኖርበታል። እርሳቸው ያስተማሩት መንገድ ራሱ የሌላ አገር ቁጥር ያለ ጥናት እንድንቀበል አይፈቅድም። እድሩ እስከ የት ይሰበሰባል? ሕፃኑ በየት ያልፋል? ውኃው በክረምት የት ይተኛል? መለኪያው ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሊወጣ ይገባል።

በ2009 ዓ.ም. የተዘጋጀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን መሬቱን 40 በመቶ ለግንባታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ሥፍራ የሚያካፍል መርሕ ይዟል። መልካም መርሕ ነው። ሆኖም መቶኛው በእያንዳንዱ ይዞታ ውስጥ በቁርጥራጭ ከተለካ ሠላሳው ከአጥር ሥር የሚበቅል ሣር ብቻ ሊሆን ይችላል። በጉርብትናው ክፍል ድምር ከተለካ ግን ሜዳ፣ ትምህርት ቤትና የወንዝ ዳር ይሆናል። ስለዚህ የአንድን መንደር ፕላን የሚመረምር ባልደረባ ከይዞታው ካርታ ጎን የአካባቢውን ካርታ ይዘርጋ፤ ቀድሞ የጸደቁትን መንደሮች ነዋሪ ይደምር፤ የጋራውን ዕዳ በእያንዳንዱ አልሚ ላይ በድርሻው ያስቀምጥ፤ የትምህርት ቤቱና የሜዳው ቦታም የቤቶቹ ቦታ ከመሸንሸኑ በፊት ተለክቶ ይከለል።

አበርክሮምቢ በደብሊን ያጡትን በስቲቨኔጅ ያገኙት ፕላናቸው ስለ ተዋበ አይደለም፤ የሚያስፈጽመው ሕግና ባለ ሥልጣን ስለ ቆመለት ነው። በእኛም አገር መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በ2000፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥተዋል። እርሳቸው በ1948 ዓ.ም. ያልነበራቸው መሣሪያ ዛሬ በእጃችን አለ። መካኒሳን ወደ ሳተላይት ከተማነት መመለስ አይቻልም፤ ነገ በከተማዪቱ ዳርቻ የሚሸነሸነው መሬት ግን ገና በእኛ ማኅተም ሥር ያልፋል።