አባ ፍሪድሪክ ሽፔ፦ በሥቃይ የሚገኝን ቃል የተቃወሙ ካህን

የወንጀል ሕግ፣ ሰብአዊ መብትና የግል ሕይወት ከለላ በየሸንጎውና በየትምህርት ተቋሙ በሚያከራክሩበት ዘመን እንገኛለን። ለኅብረተሰቡ ደኅንነት ሲባል የተጠርጣሪን መብት እስከ ምን ድረስ መገደብ ይቻላል? የሰውን ቤት፣ ደብዳቤና የኅሊና ጓዳ ማን፣ በምን ሥልጣን ይከፍታል? ጥያቄዎቹ አዲስ ይመስላሉ እንጂ አዲስ አይደሉም። ስለዚህ በእነዚሁ ጥያቄዎች ምክንያት ብዙ መከራ የተቀበሉትን የአንድ ኢየሱሳዊ ካህን ሕይወት ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ፍሪድሪክ ሽፔ በ1591 በጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በካይዘርስቬርት ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። በ1610 በትሪር ከተማ ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በ1617 ለስብከተ ወንጌል ወደ ሕንድ እንዲላኩ የማኅበሩን ጠቅላይ አለቃ ቢለምኑም አልተፈቀደላቸውም፤ የአገልግሎታቸው ቦታ እዚያው የትውልድ አገራቸው ሆነ። በ1622 በማይንስ ማዕርገ ክህነት ተቀብለው በፓደርቦርንና በሌሎች ከተሞች አስተማሩ። ከደረሷቸው መንፈሳውያን መዝሙራት አንዳንዶቹ ዛሬም በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ይዘመራሉ።

በዚያን ጊዜ ጀርመንን ከ1618 እስከ 1648 የቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ያምሳት ነበር። በረኀብና በወረርሽኝ የተጨነቀው ሕዝብ የመከራውን ምክንያት ከጎረቤቱ ይፈልግ ጀመር፤ አዝመራ በውርጭ ሲመታ፣ ከብት ሲያልቅ ወይም ሕፃን ሲሞት መተተኛ ናት ተብላ የምትከሰስ ሴት አትጠፋም ነበር። በ1532 የወጣው የንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ የወንጀል ሕግ ተጠርጣሪ በሥቃይ እንዲመረመር ቢፈቅድም፣ አስቀድሞ በቂ ምልክት መገኘት እንዳለበት ገደብ አበጅቶ ነበር። ብዙ ዳኞች ግን ጥንቆላ ከሌላው ሁሉ የተለየ ወንጀል ነው በማለት ገደቡን ጣሱት። ሐሜት እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ተከሳሿ ብትፈራ ፍርሃቷ፣ ባትፈራም ድፍረቷ መሰከረባት፤ ሥቃዩን ብትችል ሰይጣን ረዳት ተባለ። ስታምን ደግሞ የተባባሪዎቿን ስም እንድትጠራ ትገደዳለች፤ የተጠሩትም በተራቸው ተይዘው ሌሎችን ይጠራሉ። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በአውሮጳ በዚህ ክስ ከ40,000 እስከ 60,000 የሚደርስ ሰው ተገድሏል፤ ግማሽ ያህሉ በጀርመን ግዛቶች ነው።

አባ ሽፔ ሞት የተፈረደባቸውን ያናዝዙ፣ እስከ ማቃጠያው ስፍራም ይሸኙ ነበር። በኋላ በመጽሐፋቸው እንደመሰከሩት፣ ከሸኟቸው ብዙ ሰዎች መካከል በእውነት ጥፋተኛ ነው ሊሉት የሚችሉት አንድ ስንኳ አላገኙም። ቃሉን የለወጠ እስረኛ ወደ ሥቃዩ ስለሚመለስ፣ ብዙዎች በሐሰት ያመኑትን ይዘው መሞትን ይመርጡ ነበር። በዚህ ጊዜ ካህኑ ከባድ ጭንቅ ያዛቸው። የምሥጢረ ንስሐ ማኅተም አይፈታምና በኑዛዜ የሰሙትን ለማንም ሊናገሩ አይችሉም፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ነገ ሌላዋ ትቃጠላለች። ያገኙት መንገድ አንድ ነበር፤ የተናዛዦችን ምሥጢር ሳይነኩ፣ የሰውን ኅሊና በኃይል የሚሰብረውን የፍርድ ሥርዓት ራሱን ከሰሱ።

መጽሐፋቸው፣ ካውትሲዮ ክሪሚናሊስ፣ በ1631 በፕሮቴስታንቶች ከተማ በሪንተልን ያለ ደራሲ ስም ታተመ። ርእሱ በወንጀል ጉዳይ መደረግ ያለበትን ጥንቃቄ የሚያመለክት ሲሆን፣ 51 ጥያቄዎችን እያነሣ ይመልሳል። ሥቃይ የሚያሳየው የሰውን የመቻል ኃይል እንጂ እውነትን አይደለም፤ በዚያ መሣሪያ ቢመረመሩ ዳኞችና ጳጳሳትም መተተኛ ነን ይሉ ነበር ሲሉ ተከራከሩ። ተከሳሽ ጠበቃ ሊነፈገው አይገባም፤ ወንጀሉ በከፋ መጠን የዳኛው ጥንቃቄ ሊበዛ እንጂ ሊቀንስ አይገባም አሉ። እስረኞችን እመኑ እያሉ የሚያስጨንቁ ካህናትን፣ በተፈረደበት ሰው ቁጥር የሚከፈላቸውን መርማሪዎች፣ በስማቸው የሚፈጸመውን ለማወቅ የማይሹ መሳፍንትንም ወቀሱ።

ደራሲው ማን እንደ ሆነ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ከማኅበሩ እንዲወጡ የሚፈልጉ ቢነሡም፣ የአውራጃው አለቃ አባ ጎስቪን ኒከል ተከላክለውላቸው ወደ ትሪር ተዛወሩ። በ1635 ከተማይቱ የጦር ሜዳ ስትሆን ቁስለኞችንና በወረርሽኝ የታመሙትን ሲያስታምሙ በሽታው ያዛቸውና ኦገስት 7 ቀን በ44 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሥራቸው ግን አልሞተም። የቩርትስቡርግ ጳጳስ፣ ኋላም የማይንስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ዮሐን ፊሊፕ ፎን ሾንቦርን በግዛታቸው ይህን ፍርድ አስቆሙ። የሕግ ሊቁ ክርስቲያን ቶማዚዩስ በ1701 ይህንኑ ክስ ሲቃወሙ በመጽሐፉ ተጠቀሙ። በፕሮሲያም ሥቃይ በ1740 ተገድቦ በ1754 ፈጽሞ ተሻረ።

የቤተክርስቲያንንም ድርሻ መሸሸግ አይገባንም። ር.ሊ.ጳ. ኒቆላዎስ 1ኛ በ866 ለቡልጋሮች በጻፉት መልእክት ሥቃይን አውግዘው ነበር፤ በ1252 ግን ር.ሊ.ጳ. ኢኖቼንሲዮስ 4ኛ በመናፍቃን ላይ እንዲፈጸም ፈቀዱ። በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶስ፣ እረኞች ብዙ ጊዜ ሳይቃወሙ እንደ ቀሩና በራሳቸው ሸንጎም እንደ ተጠቀሙበት በግልጽ ያምናል።

በአገራችንም በሌባ ሻይ ልማድ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየሮጠ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል እንደ ነበር አንርሳ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው፣ በአንቀጽ 26 የሰው ግላዊ ሕይወትና መኖሪያ እንደሚከበር ደንግጓል። ነገር ግን የተጻፈ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ይህ ወንጀል የተለየ ነው፣ ለዚህ ሕግ አያስፈልግም የሚለው ድምፅ በአደባባይ ወይም በልባችን ሲነሣ፣ የሐሜት ቃል በጎረቤታችን ላይ ሲወረወር፣ ሁላችንም በአባ ሽፔ ቦታ እንቆማለን። እርሳቸው የሚያውቁትን እውነት ይዘው ዝም አላሉም፤ እኛስ?