ጥላሁን ገሠሠና የወሊሶው ዳይሬክተር

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር። የበዓሉ ድግስ ከየቤቱ ሳይነሣ የጥላሁን ገሠሠ ሞት ተሰማ። ዘመድ ያልሆነው ሁሉ እንደ ዘመድ አለቀሰ። መስቀል አደባባይ በመንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት ተሸኝቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

እኛ ሠልጣኝ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ ይህን ድምፅ መጀመሪያ ማን ሰማው?

መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢወለድም ያደገው ወሊሶ፣ አያቱ ዘንድ ነው። አያትየው ቀለም እንዲቆጥር ፈለጉ፤ የልጁ ልብ ግን ዘፈን ላይ። የራስ ጎበና ት/ቤት ዳይሬክተር፣ ሱዳናዊው ሚስተር ሼዳድ፣ ዝንባሌውን አይተው አዲስ አበባ እንዲሄድ መከሩት። ንጋቷ ከልካይና ኢዩኤል ዮሐንስ ከሀገር ፍቅር ለትርዒት መጥተው ሲያነጋግራቸውማ ጨርሶ ቆረጠ። በእግሩ ተነሣ፤ ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ ተመለሰ። አንዲት ሌሊት አድሮ ዕቃ የጫነ መኪና ውስጥ ተደብቆ ጠፋ!

አያትየውን አንወቅስም፤ ልጅ ከትምህርት ሲቀር ማን ዝም ይላል? ነገ ከቆቦ ወጣ ብለን ራያ ቆላ ስንመደብ፣ ማሽላ እየጠበቀ የሚያንጎራጉር ተማሪ ከክፍል ሲቀርብን ነገሩ ይገባናል።

ሀገር ፍቅር ቀጠረው፤ ኋላም ክቡር ዘበኛ ገባ። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሯል። በመጨረሻም የስኳር በሽታ አንድ እግሩን አሳጣው። ትምህርቱን ጥሎ ለጠፋው ለዚያ ልጅ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ማን መሰላችሁ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።