ስንዱ ገብሩ፦ ከመምህርነት እስከ ፓርላማ

የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የፓርላማ አባል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሯቸው። ተመልሰው ማስተማር እንደጀመሩ የፋሺስት ወረራ ደረሰ። በጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ በኋላም ተይዘው ኢጣሊያ ውስጥ በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ በደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። ወይዘሮ ስንዱ በመጀመሪያው ምርጫ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ ገቡ፤ በኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዝናብ ሳይጥል ማሳውን አለስልሶ እንደሚጠብቅ ገበሬ፣ መብቱ ሲፈቀድ እርሳቸው በሥራቸው የታወቁ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ባይፈቅድ ግን ያ ሁሉ ዝግጅት ከደጃፍ በቀረ ነበር። ዛሬ ከአዳማ እስከ ባቱ በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለኃላፊነት የሚዘጋጁ ሴቶች አሉ፤ ትጋቱ የእነርሱ ነው፤ በሩን መክፈት ግን የሚሾመው አካል ድርሻ ነው።