የብሌዝ ፓስካል አጭር የሕይወት ታሪክ

ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ሊቅ ታሪክ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ብሌዝ ፓስካልን መረጥን፤ ስሙ በሶዶ መናኸሪያ በሚቆሙት መኪናዎች ጎማ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፓስካል በ1623 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በክሌርሞን ከተማ ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት። አባቱ አስቀድሞ ቋንቋ ይማር ብሎ የሒሳብ መጻሕፍትን ደበቀበት፤ ልጁ ግን በ12 ዓመቱ ጂኦሜትሪን በራሱ አሳብ መመርመር ጀመረ። (ከእኛ መካከል ከሒሳብ መጽሐፍ የሚደበቅ እንጂ የተደበቀበት አይገኝም።)

አባቱ የግብር ሹም ሆኖ በሩዋን ሲሠራ የዚያ ዘመን ገንዘብ 12 ደኒዬ 1 ሶል፥ 20 ሶል ደግሞ 1 ሊቭር ስለ ነበረ መደመሩ እጅግ ያደክም ነበር። ስለዚህ ፓስካል በ1642 ዓ.ም. በጥርሳም መንኰራኵሮች የሚደምር መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ልዩ ልዩ መስፈሪያን ማስታረቅ የጀመረው እንግዲህ ከዚህ ነው።

ጣልያናዊው ቶሪቼሊ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያለውን ባዜቃ (ሜርኩሪ) ደግፎ የሚይዘው የአየር ክብደት ነው ብሎ ነበር። ፓስካልም ነገሩ እውነት ከሆነ ባዜቃው በተራራ ላይ ዝቅ ማለት አለበት ሲል አሰበ። እርሱ ሕመምተኛ ስለ ነበረ የእኅቱ ባል ፔሪዬ መስከረም 19 ቀን 1648 ዓ.ም. ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ። በከተማው 26 ኢንች ከ3 መስመር ተኩል የነበረው ባዜቃ ከላይ 23 ኢንች ከ2 መስመር ሆነ፤ ከታች የቀረውን ሌላ ቱቦ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለው መነኵሴ ግን ምንም ለውጥ አላየም። ልዩነቱ በዛሬው ልክ 85 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ኢንች 27 ሚሊ ሜትር ስለ ነበረ፥ በእንግሊዝ ኢንች (25.4) የሚመነዝር ሰው 79 ብሎ ይሳሳታል። እኛም ከሶዶ ተነሥተን ዳሞታ ጫፍ ብንደርስ ባዜቃው ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚወርድ አስልተናል።

ፓስካል በ1662 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ። በ1971 ዓ.ም. የዓለም የመለኪያ ጉባኤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን የአንድ ኒውተን ግፊት ፓስካል ብሎ ሰየመው። ይህ በጣም ትንሽ ስለሆነ በሺህ ተባዝቶ ኪሎ ፓስካል ይባላል፤ 100 ኪሎ ፓስካል 1 ባር ነው። በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ 1 ፓውንድ ደግሞ 6.895 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ለአፍ ሒሳብ 7 ማለት ይበቃል። እንግዲህ 6.9 ባር እንዲነፋ የታዘዘ የጭነት መኪና ጎማ 100 ፓውንድ ያስፈልገዋል። 1 ባር 10 ፓውንድ ነው ብሎ የሚገምት ጎሚስታ ግን 69 ፓውንድ ነፍቶ ይሰደዋል፤ ጎማውም ከጭነቱ በታች እየተጣጠፈ ይግላል፥ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድም ሊፈነዳ ይችላል።